የምሽጉ ግልገሎች

ይህን አንብባችሁ "ፈጠራ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ግን ሆኗል። በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ዓይኔ ፊት።

በውድቅት ሌሊት እንዳይመስላችሁ። የጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መጋቢት ወር፣ በጎቻችን በሚወልዱበት ሰሞን፣ ጉም አገሩን በዋጠበት አንድ ከሰዓት በኋላ...

ስሜ ኔስታ ነው። የምንኖረው እንግሊዝና ዌልስ በሚዋሰኑበት፣ ከሰው ይልቅ በግ በሚበዛበት ቀበሌ ነው።

ከቤታችን ጀርባ፣ ከማሳው ባሻገር አንድ ትልቅ የአፈር ጉብታ አለ። ሰው የሠራው ነው። ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው አገሩን በያዙ ጊዜ የእኛን ሰዎች በግድ እያስቆፈሩ ጥልቅ ቦይ አወጡ፤ የቦዩን አፈር መሐል ላይ ቆልለው አናቱ ላይ የእንጨት ማማ ተከሉ። ከጉብታው ሥር ደግሞ ለፈረስና ለወታደር የሚሆን ሰፊ ግቢ ከልለው ዙሪያውን በአፈር አጠሩት።

እንጨቱ ከበሰበሰ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። አፈሩ ግን እንዳለ አለ።

እኛ ግቢውን ለበጎች ነው የምንጠቀምበት። የአፈር አጥሩ ነፋሱን ስለሚሰብር፣ የወለዱትን ከነግልገሎቻቸው እዚያ እናሰማራቸዋለን። አያቴም እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ የእሱም አባት።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ሥራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በግ ልጇን የምትለየው በማሽተት ነው። የሌላ ግልገል ሊጠባ ሲመጣ በግንባሯ ገፍትራ ትጥለዋለች። ስለዚህ የአንዷ ግልገል ሲሞትባትና ሌላ ቦታ እናት ያጣ ግልገል ሲኖር፣ የሞተውን ቆዳ ገፈን ለሕያው እናለብሰዋለን። እንደ ሹራብ። እግሮቹን በእግሩ ቀዳዳ፣ አንገቱን በአንገቱ ቀዳዳ አሾልከን፣ ሆዱ ሥር በሲባጎ እናስረዋለን።

እናትየዋ ታሸተዋለች... ታሸተዋለች...

ከዚያ መላስ ትጀምራለች። የኔ ነው ብላ ታጠባዋለች።

ይህ እኛ ዘንድ ጭካኔ አይደለም። ደግነት ነው።

ያን ቀን ጠዋት አባቴ አንዱን እየገፈፈ ነበር። አባቴ አይቨር ይባላል። በገና ሰሞን በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ተነሥቷል፤ ዳገት እንዳይወጣ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ተነግሮታል። በግ ግን የሐኪም ትእዛዝ አይሰማም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ልረዳው መጣሁ።

ጎረቤታችን አቶ ፕሮሰር መኖ ሊያደርስልን መጥቶ በረቱ በር ላይ ተደግፏል።

"አይቨር፣ ልብስ ሰፊ ሆንክ አሉ!"

"ና አንተንም ልለካህ። አንተን የሚያለብስ በግ ግን እኔ ቤት የለም፤ በሬ ነው የሚያስፈልገው።"

"ሂድ ወዲያ!" ቦርጩን እየዳበሰ ሳቀ። ወደ እኔ ዞረ። "ምሩቋስ? ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ይሄንን ነው?"

ፊቴ ቀላ። ሲባጎውን መጠቅለል ጀመርኩ።

"ልጄን ተዋት" አለ አባቴ። "ካንተው ልጅ ትሻላለች። እሱ በግና ፍየል የሚለየው ሳህን ላይ ሲቀርብለት ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። አቶ ፕሮሰር መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ግን ቆም አለ።

"ጉብታው ተንዷል አይደል? ከመንገድ አየሁት።"

"ዝናቡ ነው። ጎኑ ትንሽ ተንሸራቷል።"

"አልደፈንከውም?"

"አካፋ ማስገባት ክልክል ነው። ቅርስ ነው። ለቅርስ ቢሮው ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ፤ መጥተን እናያለን ብለዋል።"

"እስኪመጡ በጎችህን ከዚያ አውጣቸው።"

"ለምን?"

አቶ ፕሮሰር ጉብታው ወዳለበት አቅጣጫ አየ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ።

"ጉድጓድ ነዋ። ግልገል ይገባበታል" አለና ሄደ።

ከምሳ በኋላ ጉሙ ወረደ። አባቴ ቀድሞኝ ወደ ግቢው ሄዶ ነበር። እናቴ ሻይ በፔርሙስ ሞልታ ሰጠችኝና እጄን ያዝ አደረገችው።

"አባትሽን ይዘሽልኝ ግቢ። ይሄ ጉም ደረቱን ይዘጋዋል።"

"እሺ እማዬ።"

"እሺ እሺ አትበይኝ። እምቢ ካለሽ ጎትተሽ አምጪው። ልክ እንደ አባቱ ግትር ነው። ቃል ግቢልኝ።"

"ቃሌ ነው። ይዤው እገባለሁ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው በር ደረስኩ።

የአባቴ ካፖርት በሩ ላይ ተሰቅሏል። ያ ዝናብ የማያስገባው፣ አንገቱ የተበላ፣ ትምባሆና በግ በግ የሚሸት ካፖርት። እሱ በሸሚዙ ብቻ ሆኖ ከአንዲት በግ አጠገብ ተንበርክኳል።

"ለምን አወለቅከው? ብርድ ነው እኮ!"

"ሞቆኝ ነው።"

"እማዬ ትገድልሃለች።"

ዓይኑን ከበጊቱ ሥር አላነሣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀልድ ነበር።

"ኔስታ..." አለ በሹክሹክታ። "ይሄን ያለበስሽው አንቺ ነሽ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከበጊቱ ሥር አንድ ግልገል ቆሟል። ቆዳ ለብሷል። ግን ተገልብጦ ነው የለበሰው... ፀጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቀዩ ሥጋማው ወደ ውጭ። አንድ እግሩ በአንገቱ ቀዳዳ ወጥቷል።

"እኔ አይደለሁም።"

"ፕሮሰር ይሆን?"

"እሱማ ጠዋት ሄዷል።"

"ቀልድ መሆን አለበት" አለ አባቴ። ፊቱ ላይ ግን ሳቅ የለም። "ደግሞ... ቆዳው የማን ነው? ዛሬ የሞተብን አንድ ነው። የእሱን እኔው ራሴ ገፍፌ አልብሻለሁ።"

በጊቱ ቀዩን ቆዳ ትልሳለች። በእርጋታ። የራሷ እንደሆነ ሁሉ።

አባቴ ቢላውን አውጥቶ ከሆዱ ሥር ያለውን ማሰሪያ ቆረጠ። ሲባጎ አልነበረም። ቀጫጭን የሣር ሥር ነው፤ ተጎንጉኖ።

ቆዳው ወደቀ።

ከውስጥ ያለው ግልገል ዓይኑን ጨፍኗል። ግልገል ዓይኑን ገልጦ ነው የሚወለደው። ይሄኛው ጨፍኗል። አይጮኽም። አይንቀጠቀጥም። ይተነፍሳል ግን።

"አባዬ... እንሂድ።"

"ቆይ።"

ከጉሙ ውስጥ ሌላ በግ ታየች። ከእሷም ሥር አንድ ግልገል። እሱም ለብሷል። የዚህኛው ፀጉር ወደ ውጭ ነው፤ ትክክል ነው። ቆዳው ግን የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ዞሮበታል።

ትንሽ ራቅ ብሎ ሦስተኛ።

ይህ ምንም ጥፋት የለበትም። እግሮቹ በየቦታቸው፣ አንገቱ በቦታው። አባቴ ተንበርክኮ ሆዱ ላይ ያለውን፣ ከሣር ሥር የተጎነጎነ ቋጠሮ ዳበሰው። ከዚያ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ።

"ይሄ የኔ ቋጠሮ ነው" አለ።

እኔም ተንበርክኬ ቋጠሮውን አየሁት።

"ሲያየን ነበር፣ ኔስታ። እየተማረ ነው።"

"ማን?"

ተነሥቶ በጎቹን ማየት ጀመረ።

"በጎቹን እናውጣ። አንቺ በሩን ከፍተሽ ያዢ። እኔ በአጥሩ ዞሬ ከኋላ እነዳቸዋለሁ።"

"ተዋቸው! ልብህ..."

"ልቤ ደህና ነው።"

"ለእማዬ ቃል ገብቻለሁ። ይዤህ እገባለሁ ብያለሁ።"

"ትይዢኛለሻ። ግን በጎቼን እዚህ ጥዬ አልሄድም።"

በበሩ በኩል አልፎ ሄደ። ካፖርቱን ያንሣው አያንሣው አላየሁም። ዓይኔ ሦስተኛው ግልገል ላይ ነበር። ቀና ስል አባቴ የለም፤ ጉሙ ውጦታል። በሩም ላይ ካፖርት የለም።

ለበሰው ማለት ነው፣ አልኩ ለራሴ። ደግ አደረገ።

በሩን ከፍቼ ጠበቅኩ።

አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ...

ድምፅ ነው። የወለዱ በጎች ባሉበት ጸጥታ የለም። ግልገል ይጮኻል፣ እናት ትመልሳለች፣ ሣር ይነጫል። አሁን ምንም የለም። በጎቹ ሁሉ ማመንዠካቸውን አቁመው አንገታቸውን ወደ ጉብታው አዙረዋል።

ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። የተናደው የጉብታው ጎን ታየኝ። ጥቁር ቀዳዳ። ያ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ ውስጡ ደረቅ ነው። ከቀዳዳው እስከ ግቢው ድረስ ሣሩ ተኝቷል፤ ብዙ ጊዜ እንደተመላለሱበት መንገድ።

"አባዬ?" አልኩ። 

ከአፈር አጥሩ አናት ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ።

ካፖርቱን አወቅሁት። የተበላው አንገቱን፣ የረዘመ እጅጌውን። ፊቱ በጉም ተሸፍኗል።

"አባዬ! ና እንሂድ!"

እጁን ወደ ላይ አነሣ። አልመለሰልኝም።

"አባዬ?"

እጁን ወደ ደረቱ አመጣ። ደረቱን መታ መታ አደረገ። ደግሞ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ደግሞ ደረቱን...

አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄድኩ።

"አትጥሪው።"

ከኋላዬ ነው። ጆሮዬ ሥር።

ዞርኩ። አባቴ ነው። ካፖርት የለውም። ሸሚዙ በስብሷል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ፊቱ የአባቴ ፊት ነው፤ አውራ በግ የወጋው አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር።

"ካፖርቴን ወስዶብኛል" አለ።

"ማን ነው እሱ?"

"ዝም በይ። ነይ።"

ክንዱን አፈፍ አድርጌ ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ያዝኩት። ቃሌን ጠበቅኩ። አሁን ቤት ማድረስ ብቻ ነው የቀረኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ካፖርት የለበሰው ሰው አጥሩ ላይ ተንበርክኳል። እጁን አሁንም ወደ እኔ ዘርግቷል።

"አትዪው" አለ አባቴ።

አላየሁትም።

ቅርቡ መንገድ ማሳውን አቋርጦ የሚሄደው ነው። አባቴ ግን በቦዩ ዳር ወደሚዞረው ወደ ሩቁ አመራ። ከሰውየው ለመራቅ ነው ብዬ ተከተልኩት። ጉሙ ውስጥ የሚሰማው የእኔ እግርና የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

የግጦሹን አጥር የምንሻገርበት የእንጨት መወጣጫ ጋ ስንደርስ ቆም አልኩ። አባቴ ከታመመ ወዲህ ሁልጊዜ እዚያ ያርፋል። "እግሬ ሳይሆን እንጨቱ ነው ያረጀው" እያለ ይቀልዳል።

ዛሬ አላረፈም። ተሻገረና ቆሞ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። እኔ አለከለክኩ፤ እሱ አላለከለከም። ድንጋጤ ጉልበት ይሰጣል ይባላል። እንደዚያ ነው አልኩ።

"አልደከመህም?"

"አልደከመኝም።"

"በርታ፣ ደርሰናል። እማዬ ሾርባ ሠርታለች።"

ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

"እማዬ" አለ።

አባቴ እናቴን እንደዚያ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ዴሊዝ ነው የሚላት፤ ሲያናድዳት ደግሞ "አለቃዬ"። ብርዱ አፉን አስሮት ነው፣ ልቡም ደክሟል አልኩ። ክንዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

የወጥ ቤቱ መብራት ታየኝ። እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት።

"ኔስታ! የት ነበርሽ? እንዴት አባትሽን ብቻውን..."

እጇ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ።

እኔን አየች። አጠገቤ ያለውን አየች። እንደገና እኔን።

"እማዬ፣ ይዤው መጣሁ። ደረቅ ልብስ አምጪለት፣ በርዶታል።"

አልተንቀሳቀሰችም።

"አባትሽ ገብቷል" አለች በጣም ቀስ ብላ።

"ምን?"

"አሁን ነው የገባው። በማሳው በኩል፣ በእንብርክኩ ነው በሩ ላይ የደረሰው። ከንፈሩ ጠቁሮ። ክኒኑን ምላሱ ሥር አድርጌለት ፎቅ ላይ አስተኛሁት። አምቡላንስ እየመጣ ነው።"

"ምን... ለብሶ ነበር?"

"ካፖርቱን ነዋ።"

"ተናገረ? ድምፁን ሰማሽው?"

"አንድም ቃል አልወጣውም። ደረቱን ይይዛል፣ ወደ ጉብታው ይጠቁማል፣ ያለቅሳል።"

ካፖርት የለበሰውን አጥሩ ላይ ተንበርክኮ ትቼው መጥቻለሁ። እጁን እየዘረጋልኝ።

አጠገቤ ያለው ሰው የወጥ ቤቱን መብራት ይመለከታል።

"ኔስታ" አለች እናቴ። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። "እጅሽን ከእሱ አውጪ። ቀስ ብለሽ። ወደኔ ነይ።"

በዚያን ጊዜ ከላይ፣ ከመኝታ ቤት፣ ሳል ተሰማ።

የአባቴ ሳል ነው። ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚቀጥን። ከገና ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ስሰማው የከረምኩት።

አጠገቤ ያለው ሰው ቀና አለ። ወደ ጣሪያው አየ። አዳመጠ።

ከዚያ ሳለ።

ረጅም ሳል ነው። ፉጨቱ ግን አልነበረበትም።

ከላይ ያለው እንደገና ሳለ። ይሄኛው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

ደግሞ ሳለ።

አሁን ልክ ነበር።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ክንዴን ልነጥቀው ሞከርኩ... ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እሱ አልያዘኝም። ከግቢው ጀምሮ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ወደ ኋላዬ እያየሁ ደፉን ተሻገርኩ።

አልተከተለኝም። ሊገባም አልሞከረም። ግባ እስኪሉት እንደሚጠብቅ እንግዳ፣ እጁን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ።

"በሩን ዝጊው" አለች እናቴ። "ኔስታ፣ ዝጊው!"

እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ከሰውየው ጀርባ ጉሙ ሲንቀሳቀስ አየሁና ሳልዘጋው ቀረሁ።

በጎቹ ናቸው። ከፍቼ በተውኩት በር ወጥተው መጥተዋል። አንድ ድምፅ የለም። በሰውየው ዙሪያ ቆሙ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት በግ ወጥታ ተጠጋችው። የተንጠለጠለውን እጁን አሸተተች... አሸተተች...

ከዚያ መላስ ጀመረች።

ከጣቶቹ ጀምራ ወደ ክንዱ። በኃይል፣ ሳታርፍ። ጭቃው እየለቀቀ ወደ መሬት ይወርዳል። ከጭቃው ሥር የሚወጣው እጅ ነጭ ነው፤ ጠባሳ የለው፣ መስመር የለው፣ ጥፍር የለው። እርጥብ ነው።

በብርዱ ውስጥ፣ ገና እንደተወለደ ግልገል፣ እንፋሎት ይወጣዋል።